በእዝን የመጣ ቦርጭ

ሐዘን ሰውን ያከሳል ይላሉ። እኔን አወፈረኝ። እንግዲህ ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል፤ ወይ ሐዘን፣ ወይ እኔ። ዘመዶቼ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብለው ለመፍረድ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በኛ ሰው ዘንድ ሐዘን የሚለካው በጉንጭ ነው። ጉንጭህ ከጎደጎደ ወንድምህን ትወደው ነበር ማለት ነው። ጉንጭህ ከሞላ ግን... እንጃልህ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ስናገር ቶሎ አይመጣልኝም፤ ስጽፍም ያው ነኝ፣ እየቆምኩ ነው የምሄደው። ታገሱኝ። እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ሚኪያስና እኔ በዲቪ ወደ ኦክላንድ ስንመጣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ሚኪያስ ቀጭን ነበር። ሸንበቆ ነው የምትሉት ዓይነት። ጠዋት ጠዋት ከተማው መሐል ያለውን ሐይቅ ሮጦ ሳይዞር ሥራ አይገባም። ሲጋራ አያውቅም፣ መጠጥ አያውቅም፣ ጨው እንኳ ይጠላል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጎማ ፈነዳበትና ፍሪዌይ ዳር ቆሞ ሲቀይር መኪና ገጨው። ቀጭን ነበር። ጤነኛ ነበር። የሞተው እሱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሚመጡት መካሪዎች ልብ አላሉትም።

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛ አያበስልም፤ ጎረቤት ነው እዝን ይዞ የሚመጣው። ደግ ልማድ ነው፣ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ልማዱ የወጣው አንዲት አገልግል ይዞ በእግሩ ለሚመጣ ሰው ነው። እዚህ ሁሉም መኪና አለው። ከኤል ሴሪቶ ይመጣል፣ ከሳን ሆዜ ይመጣል፤ የመኪናውን ኋላ ሲከፍተው ምግብ ቤት የተዘረፈ ይመስላል። ምስር በድስት፣ ጥብስ በድስት፣ ማካሮኒ በባልዲ። ከሁሉም በላይ ላዛኛ። በአሉሚኒየም ትሪ የመጣ ላዛኛ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ጫማ ማውለቂያ ጠፍቶ ነበር። ምስሩ ለነፍስ ነው፤ ላዛኛው ለይሉኝታ ነው። እትዬ እገሊት ካመጣች እትዬ እገሊት እንዴት ይቅርባት?

የሚበላው ግን ማን ነው? እማዬ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏታል። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«በሞቴ ብላ!» ይሉኛል። ሞት ገና ከበራችን ሳይወጣ።

«አፈር ስሆን! ይህቺን ብቻ።»

«ቅበረኝ! ካልጎረስክማ ቅበረኝ!»

ትናንት ወንድሜን የቀበርኩ ልጅ ነኝ። ዛሬ ደግሞ እናንተን ልቅበር? ስለዚህ ጎረስኩ። ሰው ለማትረፍ ጎረስኩ። በዚያ ሳምንት በኔ አፍ ከሞት የተረፉትን ሴቶች ያህል አንድ ሐኪም ዕድሜ ልኩን አያተርፍም። በተለይ እትዬ ብርቄ። እትዬ ብርቄ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ጉርሻቸው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። እሳቸውን ብቻ በቀን ስንት ጊዜ ከመቃብር እንደመለስኳቸው እኔና መንጋጋዬ ነን የምናውቀው።

አርባው ሲወጣ ሰዉ ወደ ሥራው ተበተነ። ደግ አደረገ። ሆዴ ግን አርባ መውጣቱን አልሰማም። እማዬ ደግሞ ለሦስት ሰው ማብሰል አልተወችም። እጇ የለመደው ልክ ነው። ተይ ማለት አልቻልኩም። የሷ ድርሻ ይነካካል፣ የኔ ይበላል፣ ሦስተኛው ይተርፋል። ማን ይጣለው? እኔ እበላዋለሁ። ታዲያ ወንድምህን በጣም ትወደው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ፣ ድርሻውን ዓመት ሙሉ ተሸክሜለታለሁ እለዋለሁ። የት? ብትሉ፣ ይኸው ከቀበቶዬ በላይ።

ከክፍሌ መውጣትም ተውኩ። ማንም አልከለከለኝም። በሩ አለ፣ እግር አለኝ። የምወጣበት ምክንያት ነው ያጣሁት። ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ፣ እበላለሁ፣ ጣራ አያለሁ። የኛ አፓርታማ ጣራ የሚታይ ነገር የለውም፤ ያም ሆኖ ጠግቤው አላውቅም።

ከዚያ የሙት ዓመቱ መጣ። ያው ሰው፣ ያው ሳሎን፣ ያው ትሪ። እኔ ከክፍሌ ብቅ ስል የሁሉም ዓይን ሆዴ ላይ አረፈ።

«ኧረ ይሄ ልጅ! ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተነፋው?»

«የመኪና ጎማ መሰለ እኮ!»

ጎማ ስላሉ ነው መሰለኝ እማዬ ፊቷን አዞረች። ማንም አላየም። እትዬ ብርቄ ወደ እሷ ዞረው ቀጠሉ፦

«የሺ፣ ምንድን ነው የምታበይው? እናት አይደለሽም እንዴ?»

ምን ታበይዋለሽ የሚሉት እትዬ ብርቄ ናቸው! ጆንያውን በእጁ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ በጉልበቱ ረግጦ፣ በዓመቱ ተመልሶ «ይሄን ጆንያ ማነው የሞላው?» የሚል ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ያውም ይህን እያሉ በቀኝ እጃቸው ያጎርሱኝ ነበር።

አዲስ አበባ እያለን «ወፈርክ» ምስጋና ነበር። «ተመችቶሃል፣ እግዜር ይመስገን» ነበር የሚባለው። የኛ ሰው አሜሪካ ሲገባ ልብሱንና ሐሳቡን ቀየረ፤ አፉን ግን እንዳለ ይዞት መጣ። ፈረንጅ ወፍራም ሲያይ ዝም ይላል፣ ውስጡ የሚያስበውን እሱ ያውቃል። የኛ ሰው ግን ሰላም ሳይልህ ሆድህን መታ መታ ያደርጋል፣ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው።

እማዬ ፈራች። ዶክተር ጋ ወሰደችኝ። ጋሽ ደምሴም መጡ። ጋሽ ደምሴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሳን ሆዜ ይኖራሉ፣ የኤርፖርት ቫን ይነዳሉ። አሜሪካ ብዙ ስለቆዩ እንግሊዝኛ የሚባለው ሁሉ የሳቸው ነው። ክሊኒኩ በስልክ አስተርጓሚ አለ ሲላቸው «ኖ፣ ኖ! አይ አም ኢንተርፕሪተር» ብለው ስልኩን ገፉት።

ዶክተሯ ልጅ እግር ነች። ረጋ ብላ ነው የምታወራው። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሚዛኑ ዛሬ አያሳስበኝም አለች። የሚያሳስበኝ ከቤት አለመውጣቱ ነው አለች። ይሄ ልጅ አዝኗል፤ ሰውነቱን ቢያንቀሳቅስ ለክብደቱ ብቻ ሳይሆን ለመንፈሱም ይረዳዋል። ግን በግድ አይሁን፣ በስድብም አይሁን። ደስ የሚለው ነገር ይሁን፣ ከሚወደው ሰው ጋር። ከትምህርት ቤቱ አማካሪም ጋር ይነጋገር። ይሄን ሁሉ አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞራ ጠበቀች።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሺ፣ ካልሮጠ ይሞታል ነው የምትልሽ።»

«ጋሼ፣ እንደሱ አላለችም» አልኩ።

«አንተ ዝም በል! ትልቅ ሰው ሲተረጉም ጣልቃ አይገባም።»

«አዝኗል ነው ያለችው። ድብርት...»

«ድብርት የሚባል በሽታ በዘራችን የለም! ስንፍና ነው። እሱም ቢሆን በአባትህ ወገን ነው።»

እማዬ «ይሞታል» ከሚለው ወዲያ የሰማችው የለም። ሌላ እናት ብትሆን ትጠራጠር ነበር። እማዬ ግን ያቺ ቃል ቤቷ ድረስ መጥታ ያየቻት ሴት ናት። ከክሊኒኩ ወጥተን ቫኑ ውስጥ እንደገባን ጋሽ ደምሴ ፍርዱን አነበቡ፦

«ትምህርት እስኪዘጋ እዚሁ ይሞክር። ካልቀነሰ ወደ ሳን ሆዜ እወስደዋለሁ። ትምህርቱንም እዚያው ይቀጥላል። በዓመቱ ሰው አድርጌ እመልስልሻለሁ።»

«እስቲ...» አለች እማዬ።

እምቢ አላለችም። ያኔ ነው ሆዴ፣ ያ ሁሉ ሆድ፣ ባዶ የሆነብኝ። ሳን ሆዜን ጠልቼ አይደለም። እኔ ከሄድኩ እማዬ በዚያ ቤት ከሚኪያስ አልጋ ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው። አሁን የማደርግላት ነገር ኖሮ አይደለም። አላወራት፣ አላጫውታት። ግን ከሥራ ስትመጣ «አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላለሁ። በቃ፣ ሥራዬ ይሄ ነው። እኔ ስሄድ «አለህ?» ብላ ማንን ልትጠይቅ ነው? ፍሪጁን?

ስለዚህ ለመክሳት ቆረጥኩ። እዚህ ጋ አትሳቁ።

የመጀመሪያው አሠልጣኜ ጋሽ ደምሴ ሆኑ። ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ሆዜ ይመጡና ሐይቁ ዳር ያወርዱኛል። እሳቸው አይወርዱም። ቫኑን በእግረኛ ፍጥነት እየነዱ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ አንድ ከረጢት ሳምቡሳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ጉልበት! ጉልበት!» ይላሉ። የሳቸው ቦርጭ መሪውን ይነካል። ግን የሳቸው የክብር ነው፣ የኔ የስንፍና ነው። በወጣትነታቸው ለክፍለ ሀገር ሩጫ ተመርጠው ነበር አሉ። የትኛው ክፍለ ሀገር እንደሆነ በየሳምንቱ ይለያያል።

«እኛ በባዶ እግራችን ነበር የምንሮጠው!» አሉኝ በሳምቡሳ መሐል። «አንተ ጫማ ተገዝቶልህ ትራመዳለህ!»

ከኋላቸው አውቶቡስ ጥሩንባ ይነፋል። ብስክሌተኛ ይሳደባል። ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። ይሄ እንግዲህ ለመንፈሴ እንዲረዳኝ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፍርሃት፣ እፍረትና ላብ ባንድ ላይ ወርደውብኝ አያውቁም። ቤት ስገባ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ብርድ ልብስ። ከብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ ዳቦ።

አንድ ቅዳሜ ብቻ በእውነት ሮጬአለሁ። የሐይቁን ዝይዎች ታውቋቸዋላችሁ፣ ባለሥልጣን ናቸው። አንዱን ሳላየው ጫጩቶቹ መሐል ገባሁ። አንገቱን አስግጎ፣ ክንፉን ዘርግቶ መጣብኝ። ሮጥኩ። ሁለተኛው ተጨመረ። ይበልጥ ሮጥኩ። ጋሽ ደምሴ በደስታ ጥሩንባቸውን ለቀቁት።

«አየህ! አየህ አይደል ትችላለህ! ስንፍና ነው ብያለሁ!»

ለሚቀጥለው ሳምንት ዝይ ጠፍቶ እንዳይቸገሩ ዳቦ ይዘው ሊመጡ አስበው ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ለእማዬ በስልክ ሲነግሯት ሰምቻለሁ።

በዚህ መሐል ሁለተኛው እዝን ጀመረ። እነዚያው ሴቶች፣ በዚያው የመኪና ኋላ። አሁን ግን ላዛኛ የለም። ተልባ በማሰሮ፣ አጃ በማሰሮ፣ ሎሚ በዝንጅብል፣ ዝንጅብል በነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ስሙን የማላውቀው አረንጓዴ ነገር ደግሞ በጠርሙስ። «ያቃጥለዋል» ይላሉ። ምኑን እንደሚያቃጥለው እኔ ነኝ የማውቀው። ሁሉም ሲቀዱልኝ ያው ቃል ነው፦ «በሞቴ ጠጣ!» ለመወፈርም በሞታቸው፣ ለመክሳትም በሞታቸው። እነዚህ ሴቶች ግን መቼ ነው በሕይወታቸው የሚለምኑት?

ሚዛኑ አልቀነሰም። ትምህርት ሊዘጋ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ለኔ የሚሆን አልጋ መግዛታቸውን ነገሩን። ሴት ልጃቸው ቤዛ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። «ዱድ፣ ዶንት ካም» ብላ ጻፈችልኝ። «ሂ ሜክስ ሚ ዱ ፑሽአፕስ ቱ።» እንዳትመጣ፣ እኔንም ፑሽአፕ ያሠራኛል ማለቷ ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ ክብሪት እንጨት ታክላለች።

ያኔ እትዬ ብርቄ የመጨረሻውን መድኃኒት አመጡ። ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው አወጁ፦

«ልጃችንን ብቻውን አንተወውም! ማኅበሩ በሙሉ ሐይቁን አብሮት ይዞራል! የጤና የእግር ጉዞ! ከናቴራም ይታተማል!»

ከናቴራ ያለ ምን ይሠራል? የኛ ሰው ያለ ከናቴራ ሠርግ አይሄድም፣ ቀብር አይሄድም። ማሳተሙን ጋሽ ደምሴ ተቀበሉ፤ የሚኪያስን የሐዘን ከናቴራ ሳን ሆዜ ያሳተሙት እሳቸው ስለሆኑ ባለሙያ ናቸው። ፎቶዬን ላኩና ለሱቁ ሰውዬ በስልክ ሁለት ቃል ተናገሩ። «ሴም አዝ ላስት ታይም።» እንዳለፈው አድርግልኝ።

ሰውዬው ምን ያድርግ? እንዳለፈው አደረገ።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ካርቶኑ ሲከፈት እኔ ነኝ መጀመሪያ ያነሣሁት። ጥቁር ከናቴራ። ደረቱ ላይ የኔ ፎቶ፣ በጥቁር ክፈፍ። በግራ ሻማ፣ በቀኝ ሻማ፣ ከላይ ሁለት እርግቦች። ከሥር «ሁሌም በልባችን ነህ» ይላል። ከሱ ሥር የተወለድኩበት ዓመት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። ቦታ ተይዞልኛል።

«ጋሼ» አልኩ። «ይሄ የሟች ነው እኮ።»

ጋሽ ደምሴ አዩት። ራቅ አድርገውም አዩት። ስሕተት የሚባል ነገር ደግሞ እንደ ድብርት በዘራቸው የለም።

«ምን አለው? ፎቶህ ነው፣ አምሮብሃል። ጥቁር ደግሞ ያከሳል።»

«ሰረዙስ?»

«ሰረዙ... ቀጣይነትን ያሳያል።»

እትዬ ብርቄ ፊታቸው ለአፍታ ተለዋወጠ። ግን ሠላሳ ምናምን ሴት ተሰብስቧል። «ተሠርቶ መጥቷል፣ እግዜር ያውቃል፣ ይለበስ» አሉ። ተለበሰ። ስልኬን ጋሽ ደምሴ «እያየህ እንዳትቆም» ብለው ቀሙኝና ቫኑ ውስጥ ቆለፉበት። የኔ ከናቴራ ጠቦኝ ነበር፤ ፎቶው ላይ ያለው ፊቴ ሆዴ ላይ ተወጥሮ ከራሴም በላይ ወፍሯል።

ተጓዝን። ሴቶቹ ከናቴራው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ጥቁር ልብስ፣ ነጭ ነጠላ፣ የልጅ ፎቶ ደረት ላይ ሲሆን የኛ ሴቶች እግር መንገዱን ያውቃል፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ የቀብር እርምጃቸውን ያዙ። የምትሮጥ ፈረንጅ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዮር ሎስ» አለችኝ፤ እግዜር ያጽናህ መሆኑ ነው። ምን ልበል? «ታንክ ዩ» አልኳት። ከዚያ ሆዴን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች። እንደገና ሆዴን አየችና ሩጫዋን በእጥፍ ጨመረች። ያን ቀን በኔ ምክንያት ስፖርት የሠራችው እሷ ብቻ ናት።

ከአውቶቡስ አንዲት የኛ እናት ወረዱ። ከሙት ዓመቱ ወዲህ ያላየናቸው፣ ኤል ሴሪቶ የሚኖሩ ናቸው። የፊተኛዋን ሴት ከናቴራ አዩ።

«ወይኔ! ሁለተኛውንም? ወይኔ የሺ! ወይኔ ባዶ ቤት!»

ደረታቸውን መቱ። ዋይታቸው ሐይቁን ተሻግሮ ተመለሰ። እኔ ከኋላ «እማማ፣ አለሁ፣ አለሁ» እያልኩ ብጋፋ ማን ሰምቶ! ለቅሶ ደግሞ ይጋባል። አንዷ ለሚኪያስ ጀመረች፣ አንዷ ለእናቷ፣ አንዷ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ። የጤና ጉዞው ቁጭ ብሎ ለቅሶ ሆነ። እትዬ ብርቄ ራሳቸው «የኔ ሎጋ! የኔ ሸንበቆ!» እያሉ ሙሾ ያወርዱ ጀመር። ሎጋ? እኔ? ከቆምኩበት ሆኜ ለራሴ ለቅሶ ደረስኩ። እውነት ለመናገር፣ በቁሜ ሳለሁ ስለ ሰውነቴ ደግ ነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአባቷ ጋር የመጣችው ቤዛ እጄን ጎተተች። ስልኳን አሳየችኝ።

«ብሮ፣ ዩ ዳይድ።» ሞተሃል ነው የምትለኝ።

ማዶ የነበረ ሰው ፎቶ አንሥቶን ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። ከናቴራው ጎላ ብሎ ይታያል። «የእትዬ የሺ ሁለተኛ ልጅ፣ ነፍሱን ይማር፣ እናቱን ያጽናት።» ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጣጠፈ እጅ፣ የሚያለቅስ ፊት። ወዲያው የእትዬ ብርቄ ስልክ ጮኸ። የደዋይዋ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው፦ «ምን ዓይነት ነገር ነው የሰማሁት? አሁን የሺን ‹እግዜር ያጽናሽ› ልላት ብደውል ስልኩ ከእጇ ወደቀ መሰለኝ፣ አትመልስም!»

እማዬ። እማዬ ከቤት አልመጣችም ነበር። ሚኪያስ የሚሮጥበትን ሐይቅ ማየት አልቻልኩም ብላ ነው የቀረችው።

ጋሽ ደምሴ የቫኑን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ፈለጉ፣ ካርቶኑ ውስጥ ፈለጉ፣ እንደገና ኪሳቸው ውስጥ ፈለጉ። እኔ አልጠበቅኩም። ወደ ሰፈራችን ወደ ቴሜስካል፣ ወደ ቤታችን ሮጥኩ። እንደ ሯጭ እንዳይመስላችሁ፤ ዳገት ላይ የሚገፋ በርሜል ነው። ትንሽ እሮጣለሁ፣ ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፣ እራመዳለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ። ብሮድዌይ ጎዳና ላይ አንድ ሰውዬ «ጉድ ጆብ፣ ማን!» አለኝ፤ ከናቴራዬን ሲያይ ቡናውን ደፋው።

መንገዱ ዳር ያሉት መኪና መሸጫዎች ጋ ስደርስ ከላይ አንዲት ሴት ስትሮጥ አየሁ። የቤት ቀሚስ፣ ባዶ ራስ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ። ሌላኛው የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አናውቅም። እማዬ ናት።

መጀመሪያ ያየችው ከናቴራውን ነው። ከዚያ ቀና አለች። ቆመች። እኔም ቆምኩ። ትንፋሽ የለኝም። ቀረበችና በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ ጉንጬን፣ ያንን ዓመት ሙሉ የተፈረደበትን ጉንጬን፣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አለህ?»

በጭንቅላቴ አዎ አልኳት።

እጇ ወደ ከናቴራው ወረደ። ሻማውን ነካችው። እርግቦቹን። በጣቷ ሰረዙ ላይ ደረሰች፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆመች።

«አውልቀው።»

«እማዬ፣ መንገድ ላይ ነን። ሰው አለ። ቦርጬ...»

«አውልቀው አልኩህ! ቦርጭህ ይታይ! ሞትህ ከሚታይ ቦርጭህ ይታይ! አገር ይየው!»

አወለቅኩት። ብሮድዌይ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ዓመት ሙሉ ከመስታወት የደበቅኩትን ሆድ ኦክላንድ አየው። ምንም አልሆነም። አውቶቡሱም አልቆመም።

ያኔ ቫኑ ደረሰ። ውስጡ ሴት በሴት ላይ ተደራርቧል፣ በየመስኮቱ የኔ ፎቶ። ጋሽ ደምሴ ወረዱ።

«የሺ፣ እንዳትደነግጪ...»

እማዬ አላየቻቸውም። እኔን ነው ያየችው።

«ያቺ ዶክተር ምንድን ነው ያለችው? አንተ ንገረኝ።»

ነገርኳት። እየቆምኩ፣ እየተነፈስኩ። ይሞታል አላለችም። አዝኗል ነው ያለችው። ቢንቀሳቀስ ለመንፈሱ ጥሩ ነው፣ በግድና በስድብ ግን አይሆንም አለች። ከሚወደው ሰው ጋር ይሁን አለች።

«ያው ነው!» አሉ ጋሽ ደምሴ። «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ በአጭሩ!»

«ወንድምጋሼ» አለች እማዬ፣ «ልጄ የትም አይሄድም።»

«ለጤናው ነው እኮ የሺ! አልጋ ገዝቼለታለሁ!»

«ከሚወደው ሰው ጋር ነው የተባለው። አንተን አይወድህም።»

ቤዛ ከመስኮቱ ውስጥ «ኦ ማይ ጋድ» አለች። ጋሽ ደምሴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተረጉሙት አጡ። እትዬ ብርቄ ከናቴራቸው ላይ ያለውን ፊቴን በነጠላቸው ቀስ ብለው ሸፈኑት።

«ግቡ በቃ፣ እናድርሳችሁ» አሉ።

«በእግራችን እንሄዳለን» አለች እማዬ። የቀራትንም ጫማ አውልቃ በእጇ ያዘችው።

ሄድን። እኔ ያለ ከናቴራ፣ እሷ ያለ ጫማ። ደንግጬ ነው መሰለኝ ከፊቷ ከፊቷ እራመዳለሁ፣ ለመሮጥ ምንም አልቀረኝም። ክንዴን ያዘችኝ።

«ቀስ በል እንጂ» አለችኝ። «ደክሞኛል።»

ዓመት ሙሉ ያልተባልኩት የለም። ብላ፣ አትብላ፣ ተነሥ፣ ሩጥ፣ ጉልበት። ቀስ በል ያለኝ ግን አልነበረም።

ቀስ አልኩ።